በአባት ሜዳ ላይ የሚሮጡ ልጆች

ሥራን የሚሰጥም ከሥራ የሚያሳርፍም እርሱ ነውና ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ኳሱን፣ ገመዱን፣ የኖራውን ባልዲና ፊሽካውን አንድ በአንድ ተረክቦ አስፈረመኝ፤ ደመወዜም ወደ ጡረታ አበል ዞረ። ስለ ወረቀትና ስለ ገንዘብ የምለው ይኸው ነው። ሳልጨርሰው ይዤው የወጣሁት አንድ ጥያቄ አለ።

የአሠልጣኝ ልጅ አባቱ ወይም እናቱ በሚያሠለጥኑበት ኮሌጅ ልማር ሲል፣ ወይም እዚያስ አልማርም ብሎ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፣ በልቡ ያለው ምንድን ነው? ይህን ነገር ለማወቅ የነበረኝ ጉጉት ብዙ ሰው አስቆብኛል። በሥራ ዘመኔ ያገኘኋቸውን የአሠልጣኝ ልጆች ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ መልሳቸውንም በማስታወሻ ደብተር ጽፌአለሁ። ሳልጠይቃት የኖርሁ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። እርሷም የገዛ ልጄ ማስተዋል ናት። ያልጠየቅኋት መልሷን ስለ ፈራሁ ነው፤ ለምን እንደ ፈራሁ ለመናገር ግን ከመነሻው መጀመር ይኖርብኛል።

የተወለድሁት ከይጁቤ ብዙ በማይርቅ የገጠር አጥቢያ ነው። ፊደልና ዳዊት እዚያው ከጨረስሁ በኋላ አኮፋዳዬን አንግቼ ዜማና አቋቋም ለመማር መርጡለ ማርያም አጠገብ ወዳለች ደብር ሄድሁ። በዚያ ያስተማሩኝ የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ነገር ግን ከሃያ ተማሪ መካከል አንዱ ዜማ ቢስት ስሙን ጠርተው ያርሙታል። እኒህ መምህር ወንድ ልጅ ነበራቸው። ልጁ ከእኛ ጋር አይማርም፤ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ፣ እንደ እኛው ቁራሽ እየለመነ፣ ከሌላ መምህር እግር ሥር ይውላል። በአገራችን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልጃቸውን ለሌላ መምህር የሚሰጡ መምህራን ብዙ ናቸው። እኔ ግን ጠያቂ ልጅ ነበርሁና አንድ ቀን እግራቸውን ሳጥብ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ እኛ ከሩቅ ወደ እርስዎ መጣን። ልጅዎ ደግሞ ከእርስዎ ወደ ሩቅ ሄደ። ምነው?»

«አንተ እግር ታጥባለህ ወይስ ትመረምራለህ?» አሉኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እርሳቸው ግን መለሱልኝ። «ልጄ ሲያዜም ጆሮዬን አላምነውም። ዛሬ ስሕተቱን ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፍለታል፤ ነገ ደግሞ ያላጠፋውን ይቆጣዋል። ለእናንተ ያለኝ ጆሮ አንድ ነው፤ ለእርሱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም አይስማሙልኝም።»

ይህን ቃል ይዤ አደግሁ። ዲያቆን ሆኜ ጥቂት ዓመት ካገለገልሁ በኋላ፣ ከእኩዮቼ ዘግይቼ ከዘመናዊ ትምህርት ቤት ገባሁ። ከክፍሌ በዕድሜ ትልቁ እኔ ነበርሁ፤ በሩጫም የሚቀድመኝ ስላልነበረ የስፖርት መምህርነት ሥልጠና ላኩኝ። መጀመሪያ የተመደብሁት አምበር ከተማ ነው። የዚያ ርእሰ መምህር ስፖርት ማለት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ እጅን ማፍታታት ነው ብለው የሚያምኑ ደግ ሰው ነበሩ። ቀጥሎ ይጁቤ አስተማርሁ። በመጨረሻም በደብረ ማርቆስ አካባቢ ወደሚገኝ የመምህራን ኮሌጅ ተዛወርሁ፤ ዕድሜዬንም የፈጀሁት በዚያ ነው። የምናገረው ጥፋት የእኔ እንጂ የቤቱ ስላልሆነ ስሙን አልጠራም።

በኮሌጁ የተቀበሉኝ ጋሽ ውቤ የሚባሉ አንጋፋ የሩጫ አሠልጣኝ ነበሩ። የአሠልጣኝነትን ፊደል ያስቆጠሩኝ እርሳቸው ናቸው። ማለዳ ከሁሉ ቀድመው ሜዳው ይደርሱና ዱላቸውን እየተከሉ ዙሪያውን ይዞራሉ። ሜዳችን ሣር ነው፤ ከሥሩ ያለው ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ይሰምጣል፣ በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል። ዱላው የሰመጠበትን ቦታ ሣር ይጎዘጉዙበታል፤ ጠጠር ያገኙ እንደሆነ አንሥተው ኪሳቸው ይከቱታል። ረፋድ ላይ የኮታቸው ኪስ ከብዶ ተንጠልጥሎ ይታያል።

«ጋሽ ውቤ፣ ቤት ሊሠሩ ነው እንዴ?» ይሏቸዋል መምህራኑ።

«የልጆች ቁርጭምጭሚት ነው የተሸከምሁት» ይላሉ።

ሯጮቹ ሲነሡ ደግሞ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ሳይ ንቀት መስሎኝ ነበር። «መልክ ያታልላል» አሉኝ። «ጠንካራ መስሎ የሚሮጥ አለ፤ ሊወድቅ መስሎ ሦስት ዙር የሚጨምር አለ። እግር ሲደክም ግን ድምፁ ሁለት ይሆናል፤ ተረከዙ ለብቻው፣ ጣቱ ለብቻው ይወድቃል። ተቀመጥና ስማ።» አጠገባቸው ተቀምጬ ሰማሁ። በዜማ ቤት የሠለጠነ ጆሮ ነበረኝና በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚያልፈውን ሯጭ ዞሬ ሳላይ በኮቴው ለየሁት።

እኔም በበኩሌ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጨመርሁ። በአቋቋም ሥርዓት ማኅሌቱ የሚጀመረው በዝማሜ ነው፤ መቋሚያው ብቻ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ከዚያ በመረግድ ከበሮው ይገባል። በመጨረሻ ጽፋት ይመጣና ጭብጨባው ይፈጥናል። ከጅምሩ በጽፋት የሚነሣ ማኅሌት የለም፤ ጉልበት አይበቃውም። የአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሩጫም እንዲሁ ነው። «ገና ዝማሜ ላይ ነሽ፣ አትቸኩይ» እያልሁ ከዳር ስናገር ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር፤ ነገሩ ግን ገባቸው። «መሪጌታ አሠልጣኝ» የሚል ስምም አወጡልኝ። አንዱ ዋዘኛ በሁለተኛው ዙር አቋርጦ ሲወጣ ምን እንደ ሆነ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ» አለኝ።

ጋሽ ውቤ የማያፈርሱት አንድ ሕግ ነበራቸው። ከሯጮቹ መካከል የሚዛመዳቸው ሰው ካለ፣ ለውድድር የሚላክ ሯጭ በሚመረጥበት ቀን ሰዓት መያዣውን ለሌላ ሰው ይሰጣሉ። የእኅታቸው ልጅ በሮጠ ቀን ሌላ ሰው ስላላገኙ ለግቢው ጥበቃ ሰጡት። ጥበቃው ሰዓቱን እያገላበጠ «ጌታዬ፣ የቱን ነው የምጫነው?» ይል ነበር። የኔታ ልጃቸውን ሲያርቁ ያየሁ እኔ፣ ይህን ባየሁ ጊዜ ሁለቱ ሰዎች ሳይተዋወቁ አንድ ነገር እንዳወቁ ተረዳሁ።

የጥያቄዬ የመጀመሪያ መልስ የተገኘው ከባልደረባዬ ከታፈረ ቤት ነው። ታፈረ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ነበር። ልጁ ሀብታሙ ሌላ ቦታ መማር ሲችል ወደ እኛ ኮሌጅ ገባና በአባቱ ቡድን ውስጥ ተሰለፈ። ጓደኞቹ አልማሩትም። «ኳሱን ስጠው፣ አለዚያ አባቱ ያስቀምጡሃል» ይባባላሉ። ሀብታሙ መላ ያገኘ መሰለውና በሜዳ ላይ አባቱን «አሠልጣኝ» እያለ መጥራት ጀመረ። አፉ ስለ ለመደ አንድ ቀን በራት ላይ «አሠልጣኝ፣ በርበሬውን አቀብለኝ» ቢል፣ እናቱ ቀበል አድርጋ «እኔስ ምኑ ነኝ? ተጠባባቂ?» አለችው። ይህን ታፈረ ራሱ እየሳቀ ነው የነገረኝ።

ልጁን ለብቻው አግኝቼ ለምን አባቱ ያለበትን ኮሌጅ እንደ መረጠ ጠየቅሁት።

«እውነቱን ልንገርዎት ጋሼ? የጫማ ቁጥራችን አንድ ነው፤ የእርሱን እጫማለሁ» አለኝ።

ስቄ ጻፍሁት። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ሁሉ ጠየቅሁ። ይጁቤ ያገኘኋት የአንድ አሠልጣኝ ልጅ «እዚያማ ብገባ ስሕተቴ ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል» ብላ ሌላ ከተማ ሄደች። ሌላው ደግሞ «አባቴ የሚሠራበት ግቢ ለእኔ ኮሌጅ ሆኖ አይታየኝም፤ ዶሮ ሳባርር ያደግሁበት ጓሮ ነው» አለኝ። እንዲህ ያለውን ስሰማ ቀኑን ሙሉ ሳሰላስለው እውላለሁ።

የማስተዋል ተራ ሲደርስ ግን ጠያቂነቴ ጠፋ።

ማስተዋል ከልጅነቷ ሯጭ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ሁለት በር ተከፈተላት። አንዱ የእኔ ኮሌጅ ነው። ሌላው ከዓባይ ማዶ ያለ ኮሌጅ ሲሆን፣ የዚያ አሠልጣኝ የቀድሞ ተማሪዬ ስለ ነበረ «ልጅዎን ይላኩልኝ፣ እንደ እኅቴ አያታለሁ» ብሎ መልእክት ልኮልኝ ነበር። ባለቤቴ ጥሩዬ ልጇ እንድትርቅ አልፈለገችም። እኔ የየኔታን ቃል አስቤ መራቅዋን ወደድሁ።

«ከዓባይ ማዶ ይሻልሻል» አልኋት።

«እዚሁ ነው የምማረው አባባ።»

«እዚህ ከሆነ በሜዳ ላይ አባት የለሽም። እንደ ማንኛዋም ሯጭ ነሽ።»

«እሺ» አለች።

ከሰው ልጅ ሁሉ ምክንያት ስለቅም የኖርሁ ሰው፣ ከልጄ ፊት አንዲት «ለምን» አልወጣኝም። ሂጂ ያልኋት ልጅ አልሄድም ስትል እንቢተኝነት መሰለኝና ተቀየምሁ።

በሁለተኛው ዓመቷ የኮሌጆች ውድድር ተጠራ። በአንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሴቶች ከየኮሌጁ የምትላከው አንዲት ብቻ ናት። ከእኛ ዘንድ ለዚህ የበቁት ማስተዋልና አበዛሽ ነበሩ። አበዛሽ የአምበር ገበሬ ልጅ፣ ንግግሯ ጥቂት፣ እርምጃዋ ረጅም ነው። ሁለቱ አንድ ወንበር ላይ የሚማሩ ጓደኛሞችም ነበሩ። በምርጫው ዋዜማ ከአጥሩ ሥር ሳልፍ አንድ ተማሪ ለጓደኛው «ዳኛው አባት፣ ሯጯ ልጅ፤ አበዛሽ በከንቱ ነው የምትደክመው» ሲል ሰማሁ። ሰምቼ አለፍሁ፤ ነገሩ ግን ከእኔ አላለፈም።

ጋሽ ውቤ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ነበር። በምርጫው ቀን ግን ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ሰዓቱን ለታፈረ ስጠው» አሉኝ።

«ታፈረ ጓደኛዬ ነው። ለጓደኛው ልጅ አዳላ ቢባልስ?»

«እንግዲያው ለጥበቃው ስጠው።»

«ጋሽ ውቤ፣ እኔ በራሴ እተማመናለሁ።»

«እኔ በራሴ ስለማልተማመን ነበር የምሰጠው» ብለው ወደ ድንጋያቸው ሄደው ጀርባቸውን ሰጡን።

ልጆቹ እንዳስተማርኋቸው በዝማሜ ተነሡ፤ በመረግድ ያዙት። በመጨረሻው ዙር ከሌሎቹ ተለይተው ትከሻ ለትከሻ መጡ። ከመስመሩ አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ማስተዋል ጨመረች፤ በደረት ቀደመች። ቆሜ የነበረው መስመሩ ላይ ነው። ዓይኔ አየ፣ ጆሮዬም ሰማ፣ ሰዓቱም በእጄ ላይ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አበዛሽ ቀድማለች» አልሁ።

አበዛሽ እጆቿን ጉልበቷ ላይ ተክላ ታለከልክ ነበር፤ ቀና አለች። «ጋሼ፣ እኔ አልቀደምኋትም።»

«መስመሩ ላይ የቆምሁት እኔ ነኝ።»

ማስተዋል አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ፣ ሁለቱን እያጋጨች ጭቃውን አራገፈችና ወጣች። ጋሽ ውቤም ተነሥተው በአጠገቤ ሲያልፉ «ኮቴው እንዲያ አላለኝም» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

እውነቱን ልናገርና ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ዋልሁ። ይህን ብደብቅ የጻፍሁት ሁሉ ሐሰት ይሆናል። ልጄን ለእውነት ያቀረብሁ መስሎኝ ራሴን ከአብርሃም ቆጠርሁ። አብርሃም ግን ልጁን ይዞ የወጣው እግዚአብሔር አዝዞት ነው፤ እኔን ያዘዘኝ ከአጥር ሥር የሰማሁት ሐሜት ነው። ቤት ስገባ ጥሩዬ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ምን አድርገህ መጣህ?»

«አላዳላሁም።»

«እርሱን አልጠየቅሁህም። ማን ቀደመች?»

ወደ ጓዳ አልፌ ገባሁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለንስሓ አባቴ ተናዘዝሁ። ስግደትና ጾም ያዝዙኛል ብዬ ስጠብቅ ጠየቁኝ።

«የዋሸኸው የት ነው?»

«በሜዳ ላይ ነው አባቴ።»

«በእነማን ፊት?»

«በተማሪዎቼ ፊት።»

«ታዲያ እዚህ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?» አሉኝ።

ሰኞ ማለዳ ሯጮቹን ሰብስቤ ያየሁት ሌላ፣ የተናገርሁት ሌላ እንደ ነበረ፣ ማስተዋል እንደ ቀደመችና ሁለቱንም እንደ በደልኋቸው ነግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ያ «ቅዳሴው ሳያልቅ ወጣሁ» ያለኝ ዋዘኛ፣ በዚያን ጊዜ ያለ ዋዛ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ጋሼ፣ እኛ እኮ አውቀናል» አለ።

ስም ዝርዝሩ ማኅተም አርፎበት ተልኮ ነበር። ይታረምልኝ ብዬ ብጽፍ ምዝገባው ተዘግቷል የሚል መልስ መጣ። አበዛሽ አልሄድም ብላ አለቀሰች። የመለሰቻት ማስተዋል ናት። «ሂጂ። አንቺም ብትቀሪ ለእኔ ምን ይጨምርልኛል? እኔ መናደድ እፈልጋለሁ፤ በአንቺ ግን አይደለም» አለቻት። አበዛሽ ሄዳ ከመጨረሻዋ ሯጭ ብቻ ቀድማ ገባች። ከብዙ ዓመት በኋላ አምበር ገበያ ላይ አገኘኋት፤ መምህርት ሆናለች። «ከዚያ ወዲያ ባሸንፍም እውነት አይመስለኝም ነበር ጋሼ፤ የሆነች ሰው የቀደመችኝ ይመስለኛል» አለችኝ። የልጄን ቦታ እንደ ነጠቅሁ አውቅ ነበር። ከአበዛሽ የወሰድሁትን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ማስተዋል ዓመቱን ጨርሳ ወደ ዓባይ ማዶው ኮሌጅ ተዛወረች። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። ጉልበቴን ስማ «ደኅና ይሁኑ አባባ» አለችኝና ወደ አውቶቡሱ ወጣች። በዚያ ሮጠች፤ ተመርቃም እዚያው አገር መምህርትና አሠልጣኝ ሆነች፤ አገባች። በየበዓሉ ትመጣለች፤ ስለ እህሉ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እናቷ ጤና እንጫወታለን። ስለ ሩጫ ግን አንሥተን አናውቅም። እኔም የሌሎችን ልጆች እየጠየቅሁ ደብተሬን ሞላሁ። ቢያስቁኝም ቢያስገርሙኝም የፈለግሁት መልስ ከእነርሱ ዘንድ እንዳልነበረ ያወቅሁት ጡረታ ወጥቼ ሥራ ከፈታሁ በኋላ ነው።

ዘንድሮ ለአስተርእዮ ማርያም መጣች። ከሰዓት በኋላ ጥሩዬ ጎረቤት ሄዳ ነበር፤ እኔና እርሷ ግቢው ውስጥ ከወይራው ጥላ ሥር ተቀምጠን ነበር።

«ማስተዋል፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ።»

«ይጠይቁ።»

«ያን ጊዜ ሌላ ኮሌጅ ሂጂ እያልሁሽ እኔ ያለሁበትን ለምን መረጥሽ?»

«ይህን ለመጠየቅ ነው ይህን ሁሉ ዓመት የቆዩት?»

«ፈርቼ ነው።»

«ልጅ ሆኜ በአጥሩ ቀዳዳ አይዎት ነበር» አለች። «ልምምድ ሲያልቅ ከገጠር የመጡትን ልጆች ሣሩ ላይ ያስቀምጧቸውና ‹እግርሽን እንዴት አደረገሽ? ቁርስ በልተሽ ነው የመጣሽው? እናትሽ ተሻላት?› ይሏቸው ነበር። አንድ በአንድ። ቤት የሚመጡት ደክሞዎት ነው፤ ጸሎትዎን አድርሰው ይተኛሉ። እኔን ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም። ሯጭዎ ብሆን ይጠይቁኛል ብዬ ነው።»

«ከመጣሽ በኋላስ?»

«ከመጣሁ በኋላማ ጭራሽ ተዉኝ። ወደ እኔ ሲደርሱ ዘልለውኝ ወደ አበዛሽ ይሄዱ ነበር። ያ ምርጫ ለሌላው ሰው አዲስ ነገር ነበር፤ እኔ ግን ለምጄው ነበር።»

በዜማ ቤት የሠለጠነ ጆሮ አለኝ እያልሁ ስመካ መኖሬን አስቤ አፈርሁ። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትሁ፤ ይቅርታውን ግን ያኔ በሜዳው ላይ ብዬዋለሁ፤ እርሷም ሰምታዋለች። ከእኔ የምትፈልገው እርሱን እንዳልነበረ አሁን ገብቶኛል።

«እግርሽን አሁን እንዴት ያደርግሻል?» አልኋት።

ዘወር ብላ አየችኝ። የምሬን እንደ ሆነ ስታውቅ ነጠላዋን ሰብስባ እግሮቿን ሣሩ ላይ ዘረጋች፤ ከግራ ጉልበቷም ጀምራ ትነግረኝ ያዘች።